ከስም በፊት ማየት፤ ስለ ብሪታንያ ነጣቂ አዕዋፍ መለያ መጻሕፍት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ያባቶች ምሳሌ አዕዋፍን ለማወቅ ለሚነሣ ሰውም ይሠራል፡፡ በብሪታንያ ደሴቶች አዕዋፍን በሜዳና በገደል እየተከታተሉ በስማቸው ለይቶ ማወቅ ብዙ ሰው የሚደክምበት ጥበብ ነው፤ ከጥበቡም ሁሉ የሚያስቸግረው የነጣቂ አዕዋፍ ክፍል ነው፡፡ እነዚህ አዕዋፍ ከፍ ብለው ይበርራሉ፤ ፈጥነው ያልፋሉ፤ ብርሃኑ ከበላያቸው ስለሚሆን ቀለማቸው ለተመልካቹ አይገለጥም፡፡ በዚህም ላይ የወንዱና የሴቲቱ፣ የለጋውና የአዋቂው መልክ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው፡፡ ስለዚህ ይህን ትምህርት ለማስተማር የተጻፉትን መጻሕፍት መመርመር፣ መጽሐፍ ዓይንን እስከ ምን ድረስ ሊያስተምር ይችላል የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው፡፡ ሁሉንም ጭልፊት፣ ንስር፣ አሞራ ብለን ብንጠቀልለው ልዩነቱ ስለሚጠፋ፣ ስማቸውን በእንግሊዝኛ እንደሚጠሩበት እንጽፋለን፤ ዓመተ ምሕረቱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፡፡

ቀድሞ የወፍን ዓይነት የሚያረጋግጠው ጠመንጃ ነበር፡፡ ብርቅ የሆነ ወፍ ተገድሎ በእጅ ካልተያዘ የተመልካቹ ቃል በቀላሉ አይታመንም ነበር፡፡ ይሁን እንጂ በእጅ መያዝም ብቻውን ከስሕተት አላዳነም፡፡ ሄን ሃርየር የተባለው ወፍ ወንዱ ዐመድማ፣ ሴቲቱ ቡናማ ስለሆነች ሊቃውንቱ ሁለት ዘር አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር፡፡ አንድ ዘር መሆናቸውን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጫጩቶችን አሳድጎ ያረጋገጠው ጆርጅ ሞንታጉ ነው፡፡ እንግዲህ ለውጡን ያሳየው የተኰሰው ሳይሆን ታግሦ የተመለከተው መሆኑን ልብ ይሏል፡፡

የሜዳውን ትምህርት ለሕዝብ ያዳረሰው በ1954 የወጣው የሮጀር ቶሪ ፒተርሰን፣ የጋይ ማውንትፎርትና የሆሎም የብሪታንያና የኤውሮፓ አዕዋፍ መምሪያ ነው፡፡ ፒተርሰን በ1934 በአሜሪካ ባሳተመው መጽሐፍ የጀመረው ዘዴ፣ አንዱን ወፍ ከሚመስለው ወፍ የሚለየውን ምልክት በሥዕሉ ላይ በትንሽ ቀስት ማመልከት ነበር፡፡ ይህ ዘዴ ዕውቀትን ከሙዚየም መሳቢያ አውጥቶ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለያዘ አስተማሪና ተማሪ ሁሉ ሰጥቷል፤ ምስጋናው ሊቀነስበት አይገባም፡፡ ነገር ግን ቀስቱ የሚጠቅመው ምልክቱ በሚታይበት ጊዜ ነው፡፡ የፔሪግሪን ጕንጭ ላይ እንደ ጢም የሚወርደው ጥቁር ምልክት በሥዕሉ ላይ ግልጥ ነው፤ ወፉ በሩቅ ሰማይ ላይ ነጥብ አክሎ ሲታይ ግን ጢሙም ቀስቱም የሉም፡፡ ቀስትን ብቻ የተማረ ሰው ያን ጊዜ ወይ ያፍራል፣ ወይ ያላየውን አየሁ ይላል፡፡

ይህን ጉድለት የሞላው በ1974 የታተመው የፖርተር፣ የዊሊስ፣ የክሪስተንሰንና የኒልሰን መጽሐፍ ነው፡፡ የኤውሮፓን ነጣቂ አዕዋፍ በበረራቸው መለየትን ያስተምራል፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎቹም ወፉን በሰማይ ላይ እንዳለ ከታች ያሳያሉ፡፡ አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ ለጀማሪም ይከብዳል፡፡ ይሁን እንጂ ከቀለም ይልቅ ለቅርጽና ለአበራረር ቦታ በመስጠቱ እውነተኛውን መንገድ ይዟል፡፡

መንገዱም ይህ ነው፡፡ ባዛርድ ሲንሳፈፍ ሰፊ ክንፎቹን በጥቂቱ ወደ ላይ ያነሣል፤ ሬድ ካይት ግን ሹካ የመሰለ ጅራቱን እንደ መቅዘፊያ ያዘነባብላል፡፡ ኬስትሬል ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ባንድ ስፍራ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆማል፡፡ ስፓሮውሆክ በአጭርና ጫፈ ክብ ክንፎቹ ጥቂት ያርገበግብና ጥቂት ይንሳፈፋል፤ ፔሪግሪን የመልሕቅ ቅርጽ ይይዛል፤ በበጋ የሚመጣው ሆቢ ደግሞ ክንፉ እንደ ማጭድ ነው፡፡ መጠን ግን ያታልላል፤ በባዶ ሰማይ ላይ ብቻውን ያለ ወፍ ማስተያያ የለውምና፡፡ በስኮትላንድ አገር ጐብኚዎች በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ያረፈውን ባዛርድ ንስር ነው እያሉ የሚደሰቱት በዚህ ነው፡፡ ቲ. ኤ. ካወርድ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጠቅላላ ሁኔታ «ጂዝ» ብሎታል፡፡ እኛም የመንደራችንን ሰው ፊቱ ሳይታይ በአረማመዱ እንደምናውቀው ማለት ነው፤ ይህም በብዙ ቀን እንጂ በአንድ ንባብ አይገኝም፡፡

መጽሐፍ የሚያረጅበትም ነገር አለ፡፡ የ1954ቱ መምሪያ በወጣበት ዘመን ሬድ ካይት በብሪታንያ የሚራባው በመካከለኛው ዌልስ ብቻ ነበር፤ ከ1989 ጀምሮ በእንግሊዝና በስኮትላንድ እንደ ገና ስለተለቀቀ ዛሬ በቺልተርን ኮረብቶች ላይ የዘወትር ወፍ ሆኗል፡፡ ስለዚህ «ይህ ወፍ በዚህ ስፍራ አይገኝም» የሚለው ቃል የጊዜ ምስክር እንጂ ሕግ አይደለም፡፡

ስለ ጄ. ኤ. ቤከር «ፔሪግሪን» ደግሞ ለብቻው መናገር ይገባል፡፡ በ1967 የታተመው ይህ መጽሐፍ በኤሴክስ አውራጃ የአሥር ክረምት ክትትልን በአንድ ወቅት ማስታወሻ መልክ አጠቃልሎ ያቀርባል፤ የዳፍ ኩፐርንም ሽልማት አግኝቷል፡፡ በቋንቋው ኃይል የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው፤ አዳኙ በሰማይ ላይ መኖሩን ከሚሸሹት ወፎች ድንጋጤ ማንበብን ያስተምራል፡፡ ነገር ግን አንዳንድ የአዕዋፍ ሊቃውንት፣ ደራሲው ሌላ ወፍ አይቶ ፔሪግሪን ብሎ ይሆናል በማለት ተጠራጥረዋል፡፡ አሥሩን ክረምት አንድ ያደረገ ደራሲ ለሥነ ጽሑፍ መብቱን ተጠቅሟል፤ ለመዝገብ ግን ቀኑንና ስፍራውን አጥፍቷል፡፡ ስለዚህ ቤከር የመመልከትን ፍቅር ለማደስ ይነበብ፤ ለማስረጃ ግን አይጠቀስ፡፡

ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ክርክር የሚመስለው ካለ የሚከተለውን ያስብ፡፡ በ1960 እርግብ አርቢዎች ፔሪግሪን በዝቶ እርግቦቻችንን ፈጀ በማለት የሕግ ጥበቃው እንዲነሣ ለመንግሥት አመለከቱ፡፡ በ1961ና በ1962 በዴሬክ ራትክሊፍ መሪነት ገደሉ ሁሉ ሲቈጠር የተገኘው ተቃራኒው ነበር፤ ወፉ እየጠፋ ኖሯል፤ በ1963 ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ቍጥር ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፡፡ ራትክሊፍ በ1967 የእንቍላሎቹ ቅርፊት እንደ ሳሳ ገለጠ፤ ምክንያቱም ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት መሆኑ ታወቀ፡፡ ቈጣሪዎቹ በስሜት ስም የሚሰጡ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ፣ የባለ ሥልጣኑ ውሳኔ በሐሰት ላይ በቆመ ነበር፡፡

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፡፡ ጀማሪ ከፒተርሰን ይነሣ፤ በፖርተርና በጓደኞቹ ይታረም፤ ቤከርን ለፍቅሩ ያንብብ፡፡ ከሦስቱም ይልቅ ግን ኬስትሬልን መቶ ጊዜ ያስተውል፤ ተራውን ወፍ ጠንቅቆ ያላወቀ ብርቁን አይለይምና፡፡ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ ልብ ማስረጃ ባነሰው ጊዜ በማስታወሻው ላይ «አልተለየም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ሃያ ስም ከደረደረው ይልቅ ለዕውቀት የታመነ ነው፡፡