ስለ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን ቍልቍል የሚወርድ መንገደኛ ወደ ዋልድባ ይቀርባል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የካቶሊክን ሃይማኖት አልቀበልም ብላ በዚያ ገዳም ተጠግታ ነበር፤ ቀጥሎም በጸለምት ሕዝቡን ስላስተማረች በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቆመች፤ ኋላም በቈላው ወዳለው ወደ ዠበይ ተጋዘች።

በ1635 ዓ.ም. ካረፈች ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይቶ ገድሏን የጻፈው ገላውዴዎስ ነው። ደራሲው እርሷን ከቀደሙት ቅዱሳን ጋራ እያስተያየ ምስጋናውን ሲያበዛ፣ ሴቲቱ ከምስጋናው በስተኋላ ትሰወራለች። ነገር ግን ከሚያውቋት የሰማውን እንዲያው ሲተርክ መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል። መጀመሪያ ከቤቷ በወጣች ጊዜ ባሏ መልክአ ክርስቶስ እርሷን ፍለጋ አገር ቢያጠፋ፣ ለድኻው አዝና ተመለሰች፤ በ1609 ዓ.ም. በተገደሉት በአቡነ ስምዖን ደም እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ግን ፈጽማ ተለየችው።

ሌላ ጸሓፊ ቢሆን ይህን መመለስ እንደ ነውር ቈጥሮ በዘለለው ነበር። ገላውዴዎስ ግን አልሸሸገውም፤ መከራ የሚመጣው በራስ ላይ ብቻ ሳይሆን በጎረቤትም ላይ መሆኑን አሳየን። መመለሷን ያልደበቀ ጸሓፊ፣ ስለ ጽናቷ ሲመሰክር ይታመናል።