ነጻ ገንዘብ ሰውን ያሰንፋል? የፊንላንዱ ሙከራ ያልመለሰው ጥያቄ

ለሁሉም ሰው በየወሩ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ቢሰጥ፣ ሰው መሥራት ያቆማል ወይ? በዚህ ጥያቄ ላይ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ፊንላንድን መጥራቱ አይቀርም። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች ይጠሯታል። አንዱ «ፊንላንድ ሞክራው አላዋጣም፣ ተወችው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፊንላንድ ሞክራው ሰዎቹ እንዲያውም የበለጠ ሠሩ፣ ደስተኛም ሆኑ» ይላል። አንድ ሙከራ ለሁለት ተቃራኒ መደምደሚያዎች ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሙከራው ምን እንደለካ ነው። የእኔ ትችት አጭር ነው፤ የፊንላንዱ ሙከራ በጥንቃቄ የተሠራ ጥሩ ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ስለ ስንፍና የምንከራከርበትን ጥያቄ አልጠየቀም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለንተናዊ መሠረታዊ ገቢ የሚባለው ሐሳብ ሦስት ነገሮች አሉት፤ ገንዘቡ ለሁሉም ይሰጣል፣ በየጊዜው ሳይቋረጥ ይሰጣል፣ «ሥራ ፈልግ» ወይም «ድሃ መሆንህን አስመስክር» የሚል ግዴታ የለበትም። እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

ፊንላንድ ምን አደረገች?

ከጥር 2017 እስከ ታኅሣሥ 2018 የፊንላንድ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም 2,000 ሰዎችን በዕጣ መርጦ በወር 560 ዩሮ ከፈላቸው። ዕጣው የወጣው ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 58 ከሆነና የሥራ አጥነት አበል ከሚቀበሉ ሰዎች መካከል ነው። የተመረጠ ሰው «አልፈልግም» ማለት አይችልም ነበር። ይህ ለሙከራው ጥራት ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ፈቃደኞች ብቻ ቢገቡ ኖሮ ውጤቱ የፈቃደኞቹን ጠባይ እንጂ የገንዘቡን ውጤት አያሳይም። ያልተመረጡት ደግሞ የማነጻጸሪያ ቡድን ሆኑ።

እስቲ አሁን ቁጥሩን ልብ በሉት። 560 ዩሮ ማለት እነዚሁ ሰዎች ቀድሞም ያገኙት ከነበረው መሠረታዊ የሥራ አጥነት አበል፣ ግብር ከተቀነሰ በኋላ፣ ጋር የሚመጣጠን ነው። ስለዚህ ሥራ ሳያገኝ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው በኪሱ የሚገባው ገንዘብ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ደንቡ ነው። በተለመደው ሥርዓት ሥራ አጡ ሥራ መፈለጉን ማሳየትና ቅጽ መሙላት አለበት። በሙከራው ጊዜ በነበረው ደንብ በወር ከ300 ዩሮ በላይ ከሠራም፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዩሮ ከአበሉ 50 ሳንቲም ይቀነስበት ነበር። ለምሳሌ በወር 700 ዩሮ የሚከፍል የትርፍ ሰዓት ሥራ ቢያገኝ አበሉ በ200 ዩሮ ያንስ ነበር። በሙከራው ውስጥ ያለው ሰው ግን 560ውን ሳይነካበት 700ውን ይጨምርበት ነበር።

ምህንድስና የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። አንድ ሞተር ለቮልቴጅ ለውጥ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቮልቴጁን ትቀይራላችሁ። ቮልቴጁን እዚያው ትታችሁ መቆጣጠሪያውን ብቻ ብትቀይሩ፣ ያገኛችሁት ስለ መቆጣጠሪያው ነው። ፊንላንድ የገንዘቡን መጠን ሳይሆን ከገንዘቡ ጋር የታሰረውን ገመድ ነው የቀየረችው። የጠየቀችው ጥያቄ «ግዴታውን ብናነሳና መሥራት የበለጠ እንዲያተርፍ ብናደርግ ሥራ አጡ ወደ ሥራ ይሄዳል ወይ?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ሰው በነጻ ገንዘብ ሲያገኝ ይሰንፋል ወይ?» ከሚለው ጋር ግን አንድ አይደለም።

ውጤቱስ?

በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱ ቡድኖች መካከል በሥራ ቀናት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የካቲት 2019 ላይ ይህ ሲወጣ ብዙ ዘገባዎች «ከሸፈ» አሉ። ግንቦት 2020 የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ ከኅዳር 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ባለው ጊዜ ተቀባዮቹ በአማካይ 78 ቀን እንደሠሩ፣ ይህም ከማነጻጸሪያው ቡድን በ6 ቀን እንደሚበልጥ ተገለጸ። ያን ጊዜ ደግሞ «ተሳካ» ተባለ።

ሁለቱም ቸኩለዋል። በጥር 2018 የፊንላንድ መንግሥት በሥራ አጦች ላይ ጠንከር ያለ አዲስ ደንብ አወጣ፤ በቂ እንቅስቃሴ ያላሳየ ሰው ከአበሉ ላይ ይቆረጥበት ነበር። ደንቡ ይበልጥ የነካው የማነጻጸሪያውን ቡድን ነው። በሙከራ መሐል ሁለተኛ ነገር ተቀየረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የታየውን የ6 ቀን ልዩነት ከመሠረታዊው ገቢ ይሁን ከአዲሱ ደንብ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህንን በግልጽ ጽፈውታል። ጥፋቱ ጥንቃቄያቸውን ቆርጠው ቁጥሩን ብቻ ይዘው በሮጡት ላይ ነው።

ስለ ደስታው የሚጠቀሰውም እንዲሁ ነው። ከ0 እስከ 10 በሚለካው የሕይወት እርካታ ተቀባዮቹ በአማካይ 7.3፣ ሌሎቹ 6.8 ሰጥተዋል። ነገር ግን ከተቀባዮቹ የመለሱት 31 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያው ደግሞ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ያልመለሱት ሰዎች ምን ይሰማቸው እንደነበር አናውቅም። ውጤቱ አይረባም ማለቴ አይደለም፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጥቀስ ይገባል።

ቮልቴጁን የቀየሩት

መጠኑን በእርግጥ የቀየረ ሙከራ ማየት ከፈለግን ወደ አሜሪካ እንሂድ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ዓመት በቴክሳስና በኢሊኖይ 1,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በወር 1,000 ዶላር፣ ሌሎች 2,000 ሰዎች ደግሞ ለማነጻጸሪያ 50 ዶላር ተከፈላቸው። እዚህ ገንዘቡ ከነበራቸው ገቢ በላይ የተጨመረ ነው። በ2024 የወጣው ውጤት እንደሚለው 1,000 ዶላር የተቀበሉት በሳምንት 1.3 ሰዓት ያህል ቀንሰው ሠርተዋል፤ ሥራ ላይ ያሉትም በ2 መቶኛ ነጥብ ያህል አንሰዋል። አዎ፣ ቀንሷል። የመሠረታዊ ገቢ ደጋፊ የሆነ ሰው ይህንን ማለፍ የለበትም። ተቃዋሚውም ቢሆን 1.3 ሰዓት በሰባት ቀን ሲካፈል 11 ደቂቃ ገደማ መሆኑን አይርሳ። «ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይተኛል» ከሚለው ትንቢት በጣም የራቀ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ኬንያ ነው። በዚያ በ295 መንደሮች የተካሄደው ጥናት፣ ከአጥኚዎቹ አንዱ በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አቢጂት ባነርጂ ነው፣ ተቀባይ መንደሮቹን በሦስት ከፈለ። አንደኛው በወር 22.50 ዶላር ገደማ ለ12 ዓመት እንደሚያገኝ ተነገረው፤ ሁለተኛው ያንኑ ለ2 ዓመት ብቻ፤ ሦስተኛው ወደ 500 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በአንድ ጊዜ። 100 መንደሮች ምንም አልተሰጣቸውም። በመንደሩ ያለ አዋቂ ሁሉ ተቀባይ ስለሆነ «ለሁሉም» የሚለው ሐሳብ ቢያንስ በመንደር ደረጃ ተፈትኗል።

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሲለካ ሰው የሚሠራው ሥራ በጥቅሉ አልቀነሰም። ተቀጥሮ መሥራት ቀንሶ የራስን ንግድ መሥራት ጨመረ። ደስ የሚለው ክፍል ግን ሌላ ነው። በዚያ ሰዓት የ2 ዓመቱና የ12 ዓመቱ ቡድን እጅ የገባው ገንዘብ እኩል ነበር። ልዩነታቸው ነገን በተመለከተ ያላቸው ተስፋ ብቻ ነው። ሆኖም ንግድ በመክፈት የ12 ዓመቶቹ የ2 ዓመቶቹን በለጡ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ የተቀበሉትም እንደዚሁ። የ12 ዓመቶቹ ብዙዎቹ ወርኃዊውን ገንዘብ ወደ ጠቀም ያለ መነሻ የለወጡት እኛ ዕቁብ በምንለው ዓይነት የቁጠባ ማኅበር ነው። ነገ የሚመጣ ገንዘብ እንዳለ እርግጠኛ የሆነ ሰው ትልቅ ዕቁብ ለመግባት ይደፍራል፤ ይህንን ለመረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ለምን ያሳስበናል?

እኛም አገር ይህ ክርክር በሌላ ስም አለ። በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት የተመሠረተው፣ ጉልበት ያለው ሰው እርከን በመሥራት፣ መንገድ በመጥረግና በመሳሰለው ሥራ ተሳትፎ ይከፈለው፤ መሥራት ለማይችል ብቻ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጥ በሚል ሐሳብ ነው። ከግዴታው ጀርባ ካሉት ምክንያቶች አንዱ «በነጻ ከተሰጠ ጥገኛ ይሆናል» የሚለው ስጋት ነው። በእርግጥ እርከኑ ራሱ ጥቅም አለው፤ ስለዚህ ግዴታው ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው ስለ ስንፍና ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ፊንላንድን ጠቅሶ «ይነሳ» ወይም «ይቆይ» ቢላችሁ ማስረጃው አይገጥምም። የአበል ሥርዓት ባለበት አገር፣ ለሥራ አጦች ብቻ፣ መጠኑ ሳይለወጥ የተደረገ ሙከራ ለአንድ የወሎ ገበሬ ምንም የሚለው ነገር የለም።

ሌላም የቀረ ነገር አለ። ከላይ ያያችኋቸው ሙከራዎች ሁሉ ገንዘቡን ከውጭ ያመጡ ናቸው። አንድ አገር ለሁሉም ዜጋ ሲከፍል ግን ገንዘቡ ከግብር መምጣት አለበት፤ ግብሩም የሰውን የሥራ ፍላጎት ይነካል። በፊንላንድ የተቀባዮቹ ግብር በዚህ ምክንያት አልጨመረም። ስለዚህ ግማሹ የሥርዓቱ ክፍል እስካሁን አልተፈተነም።

ቀጥሎ «ጥናት አረጋግጧል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አራት ነገር ጠይቁት። ገንዘቡ ከነበረው ላይ የተጨመረ ነው ወይስ ያንኑ የተካ? ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ተቀባዩ ያውቅ ነበር? በመሐል ሌላ የተለወጠ ነገር አለ? «ሥራ» ሲባል ምን ተቆጠረ፤ ደመወዝ ያለው ብቻ ነው ወይስ የራስ ንግድ፣ ልጅ ማሳደግና የታመመ ወላጅ መጠበቅም? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎቹን መላሾች ዝም ያሰኛል። በፊንላንዱ የሥራ ቀናት ቆጠራ ውስጥ እናቷን ስታስታምም የከረመች ሴት የሠራችው ዜሮ ቀን ነው።