የሚታየውና የሚሆነው፤ ስለ ሰማይ አካላት እንቅስቃሴ በቀረቡ ሙያዊ ቃላት ላይ የተሰጠ ሂስ

በቅርቡ ለአስተያየት ከቀረቡልን ረቂቅ የሙያዊ ቃላት ዝርዝሮች አንዱ ሥነ ፈለክን የሚመለከት ነው። ዝርዝሩ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ተማሪዎች መርጃ እንዲሆን የታሰበ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቃል ከነአማርኛ አቻውና ከነአጭር ብያኔው ቀርቧል። አዘጋጆቹ የደከሙበት ሥራ መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታያል። በተለይም «ምሕዋር»፣ «ዛቢያ»፣ «ግርዶሽ» የመሳሰሉት በልማድ የጸኑ ቃላት ሳይነካኩ በቦታቸው መቀመጣቸው የሚያስመሰግን ነው፤ የሚያገለግለውን ቃል ጥሎ አዲስ መፍጠር የስያሜ ሥራ የቆየ ሕመም ነውና።

ዝርዝሩን በሙሉ ለመመርመር ግን ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ከምድር ሆኖ የሚታይ እንቅስቃሴ የሚመለከተውን ክፍል ብቻ መርጠናል። በሌሎቹ ክፍሎች አንድ አቻ ቃል ለጆሮ ቢጎረብጥ ተማሪው ቃሉን ይጠላ ይሆናል እንጂ ነገሩን አይስትም። በዚህ ክፍል ግን ቃሉ ከተሳሳተ ተማሪው የሚማረው የሳይንሱን ተቃራኒ ይሆናል። የመረጥንበትም ምክንያት ይኸው ነው።

1. «ግልጽ እንቅስቃሴ»

የክፍሉ አውራ ቃል በእንግሊዝኛ «አፓረንት ሞሽን» የሚባለው ነው። ረቂቁ «ግልጽ እንቅስቃሴ» ሲል ተርጉሞታል። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያዳግትም። «አፓረንት» ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው «ግልጽ፣ ጉልህ፣ የማያጠራጥር» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለተመልካች እንዲህ መስሎ የሚታይ» ማለት ነው። ሥነ ፈለክ የሚጠቀመው በሁለተኛው ነው፤ ረቂቁ የያዘው ግን የመጀመሪያውን ነው። እንግዲህ «የፀሐይ ግልጽ እንቅስቃሴ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ፣ ፀሐይ በምድር ዙሪያ መዞሯ የማያጠራጥር ነው ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ሳይንሱ «እንዲህ ይመስላል፤ ምክንያቱን መርምር» ያለውን፣ ትርጉሙ «እንዲህ ነው፤ አትጠራጠር» አሰኝቶታል።

በምትኩ ምን እንበል? «የሚታይ እንቅስቃሴ» የሚለው ቀላል ቢሆንም አሻሚ ነው፤ ከማይታይ እንቅስቃሴ ለመለየት የተባለ ይመስላልና። «ታይታዊ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ነገር ግን «ታይታ» በአማርኛ ለሰው ዓይን ተብሎ የሚደረገውን ከንቱ ሥራ ስለሚያሳስብ፣ ቃሉ ፀሐይን ግብዝ ያደርጋታል። «አንጻራዊ» የሚለውም ሌላ ጽንሰ ሐሳብ የያዘ በመሆኑ ለዚህ ሊውል አይገባም። «ሐሰተኛ» ማለት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው።

እኛ «እይታዊ እንቅስቃሴ» የሚለውን እንመርጣለን። «እይታ» የሚታየውን ነገር ብቻ ሳይሆን የሚያየውን ሰው የቆመበትንም ስፍራ ያመለክታል፤ የጽንሰ ሐሳቡም ፍሬ ነገር ይህ ነው። ተጻራሪው «እውናዊ እንቅስቃሴ» ይሆናል። እዚህ ላይ ማስገንዘብ የምንፈልገው እይታዊ ማለት ሐሰት ማለት አለመሆኑን ነው። ፀሐይ ጧት በአንድ ወገን ታይታ ማታ በሌላው ወገን መሰወሯን ማንም አይክድም። ሳይንስ ያረመው የታየውን አይደለም፤ የታየበትን ምክንያት ነው።

2. የመውጣትና የመጥለቅ ክርክር

የሚገርመው፣ ፀሐይ በምድር ዙሪያ መዞሯን «ግልጽ» ያደረገው ይኸው ረቂቅ በሌላ ገጽ ላይ «ፀሐይ ወጣች»፣ «ፀሐይ ጠለቀች» የሚሉትን አነጋገሮች ኢሳይንሳዊ ብሎ ያወግዛል። በእነርሱም ፈንታ «የምድር ወደ ፀሐይ መዞር» እና «የምድር ከፀሐይ መዞር» እንዲባል ያሳስባል። ይህን አሳብ ልንቀበለው አንችልም።

ኮፐርኒከስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የሚያስረዳውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ቢቃረብም፣ እንግሊዝኛውም ጀርመንኛውም ዛሬ ድረስ «ፀሐይ ወጣች» ይላል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ራሳቸው ሰንጠረዥ ሲያዘጋጁ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ይህን የሚያደርጉት ካለማወቅ የተነሣ ሳይሆን፣ ግሱ የሚናገረው ስለ እይታ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ጉዳዩ ከአንድ ግስ ያልፋል። «ምሥራቅ» ሠረቀ፣ ማለትም ወጣ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ፣ «ምዕራብ» ዐረበ፣ ማለትም ገባ፣ ጠለቀ፣ ከሚለው የወጡ ናቸው። መውጣትንና መጥለቅን ከከለከልን የአቅጣጫዎቻችንን ስም ከሥሩ መንቀል ሊኖርብን ነው። የሰዓት አቆጣጠራችንም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ጧት 1 ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን የመጀመሪያውን ሰዓት ነው። ይህም አቆጣጠር ሊጸና የቻለው አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው፤ በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነውና። ንጋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ተሲያት፣ ምሽት የሚሉትም ቃላት ፀሐይ በሰማይ ላይ ያለችበትን ከፍታ በየደረጃው የሚለኩ ናቸው። ሥነ ፈለክን የሚያስተምር መምህር እነዚህን ሊጠቀምባቸው እንጂ ሊያፍርባቸው አይገባም።

ባሕረ ሐሳብም ለዚህ ምስክር ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ እንደሚያንስ አይተው፣ በየዓመቱ 11 የሚጨመርበትን አበቅቴ የተጠቀሙ፣ የሁለቱም ብርሃናት ሒሳብ በ19 ዓመት እንደሚገናኝ ያወቁ ሊቃውንት፣ የትኛው አካል በየትኛው ዙሪያ ይዞራል የሚለውን ጥያቄ መመለስ አላስፈለጋቸውም ነበር። የቆጠሩት እይታዊውን እንቅስቃሴ ነው፤ ቆጠራውም እስከ ዛሬ በዓላትን ለማውጣት ያገለግላል።

3. የቆምንበት ስፍራ

እይታ የተመልካችን ስፍራ የሚጨምር ከሆነ፣ ብያኔው የሚጻፈው ለየትኛው ተመልካች ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ረቂቁ «ቀትር»ን «ፀሐይ በስተ ደቡብ ከፍ ብላ የምትታይበትና ጥላ ወደ ሰሜን የሚያመለክትበት ጊዜ» ሲል ይበይናል። ይህ ለአውሮፓ ተማሪ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ትታያለች፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በአገራችን በማንኛውም ስፍራ፣ ቀኖቹ እንደየኬክሮሱ ይለያዩ እንጂ፣ ነገሩ አንድ ነው። በሰኔ ወር በትምህርት ቤቱ ግቢ እንጨት ተክሎ ጥላውን የለካ ትጉህ ተማሪ፣ መጽሐፉና ጥላው ሲጣሉበት የትኛውን ይመን? መዝገበ ቃላቱ በገዛ ዓይኑ እንዳያምን ካስተማረው ከሳይንስ አርቆታል ማለት ነው። የቀትር ብያኔ «ፀሐይ በዕለቱ ከሁሉ ከፍ ብላ የምትታይበት ጊዜ» ቢባል ለሁሉም አገር ይበቃል።

«ምሥራቅ»ም «ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ» ተብሎ ብቻ ታልፏል። ለዕለታዊ አነጋገር ይህ በቂ ነው፤ ለሙያዊ ብያኔ ግን ይጎድለዋል። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ ነጥብ የምትወጣው መጋቢት 11 ገደማና መስከረም 12 ገደማ ነው። በሌላው ጊዜ መውጫዋ በአዲስ አበባ እስከ 24 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሸሻል። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት ደጆች ሲዘረዝር፣ የሚናገረው ስለዚሁ የመውጫ መፈራረቅ ነው። ለንባብ ያልራቀው ተማሪ የሚያውቀውን ይህን ነገር ረቂቁ አለመጥቀሱ ያሳዝናል።

4. የጨረቃ ሁለት ጉዞዎች

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻት ጨረቃ ናት፤ እይታዊውና እውናዊው በእርሷ ላይ ተደርበዋልና። ረቂቁ «ጨረቃ ምድርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ትዞራለች» ይላል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ጨረቃ በእያንዳንዱ ሌሊት ወደ ምዕራብ ስታዘግም የምትታየው ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር ነው። የራሷ ጉዞ ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሆን፣ በየቀኑ በከዋክብት መካከል 13 ዲግሪ ገደማ ትሄዳለች። በየዕለቱ በአማካይ በ50 ደቂቃ ገደማ ዘግይታ የምትወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ማታ ከአንድ ደማቅ ኮከብ አጠገብ ያያት ሰው ነገ ማታ በዚያው ሰዓት ቢመለከት ከኮከቡ በስተ ምሥራቅ ያገኛታል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም።

«ወር» በተባለው ቃል ሥርም ሁለት መጠኖች ተምታተዋል። ረቂቁ «ጨረቃ ምድርን አንድ ጊዜ የምትዞርበት 29 ቀን ተኩል» ይላል። ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ወደዚያው ኮከብ ለመመለስ የሚበቃት 27.3 ቀን ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ምድር በምሕዋሯ ወደ ፊት ስለምትሄድ፣ ፀሐይም በከዋክብት መካከል ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብላ ስለምትታይ፣ ጨረቃ ፀሐይን ለመድረስ ከሁለት ቀን በላይ ይጨመርባታል። ከሠርቅ እስከ ሠርቅ ያለው ጊዜ 29.5 ቀን የሚሆነው ስለዚህ ነው። የመጀመሪያው «የከዋክብት ወር»፣ ሁለተኛው «የሠርቅ ወር» ቢባሉ ግርታው ይወገዳል። «ሠርቅ» ከባሕረ ሐሳብ የምናውቀው ቃል ስለሆነ አዲስ ቃል መፈለግም አያሻም።

5. ወደ ኋላ የሚሄድ የለም

«ፕላኔት» በጽርእ «ተንከራታች» ማለት ነው፤ ስሙም ከእይታ የተገኘ ነው። የፕላኔቶች እይታዊ እንቅስቃሴ እጅግ አስቸጋሪው ክፍል በእንግሊዝኛ «ሬትሮግሬድ» የሚባለው ነው። ረቂቁ «ፕላኔት ጉዞዋን አቁማ ወደ ኋላ የምትመለስበት ሁኔታ» ይለዋል። በእውኑ የቆመችም የተመለሰችም ፕላኔት የለችም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ በፈጣን አውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ወደዚያው የሚሄድ ዘገምተኛ አውቶቡስ ሲቀድም፣ ያ የተቀደመው አውቶቡስ ከሩቅ በሚታየው በዝቋላ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስለዋል። ሁለቱም ግን ወደ አዳማ ይሄዳሉ። ምድርም ከማርስ ይልቅ ፈጣን ስለሆነች በየ780 ቀን ገደማ ትቀድማታለች፤ በዚያም ወቅት ማርስ ሁለት ወር ከመንፈቅ ያህል በከዋክብት መካከል ወደ ኋላ ስትሄድ ትታያለች።

ስያሜው «እይታዊ የኋሊት ጉዞ» እንዲባል፣ ብያኔውም «አንዲት ፕላኔት ከምድር ሲመለከቷት፣ በሁለቱ የፍጥነት ልዩነት የተነሣ፣ ከዋክብትን ምልክት አድርጎ ለተወሰነ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የምትሄድ መስላ መታየቷ» ተብሎ እንዲጻፍ እናሳስባለን። እንደዚሁም «አጥቢያ ኮከብ» እና «የምሽት ኮከብ» የሚሉት ቃላት ለየብቻቸው ተበይነው ከ«ቬነስ» ጋር ሳይገናኙ ቀርተዋል። ቬነስ በእይታ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማትርቅ አንድ ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሌላ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ትታያለች፤ በአገራችን እኩለ ሌሊት ላይ ግን አትታይም። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ፕላኔት መሆናቸው ሊመለከት ይገባል።

6. ማጠቃለያ

የተመለከትናቸው ስሕተቶች ልዩ ልዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የሚታየውንና የሚሆነውን በአንድ ብያኔ ማደባለቅ ነው። በአንድ ገጽ እይታውን እውነት አድርጎ፣ በሌላው ገጽ እይታውን ሐሰት ብሎ የሚያባርር መዝገበ ቃላት ተማሪውን በሁለት ወገን ይጎዳዋል። ወላጆቹ ያስተማሩትን አነጋገር ያስንቀዋል፤ ሳይንሱንም አያስጨብጠውም።

ስለዚህ አዘጋጆቹ የዚህን ክፍል ብያኔዎች እንደገና ሲያርሙ ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄዎችን በተራ እንዲመልሱ እናሳስባለን፤ ምን ይታያል? ከየት ሆኖ ይታያል? በምን ምክንያት እንዲያ ይታያል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ አማርኛ በቂ ቃላት አሉት፤ ከእረኛው እስከ ባሕረ ሐሳብ ሊቁ ድረስ ሲገለገልባቸው ኖሯል። ለሁለተኛው ወደ ውጭ ወጥቶ ጥላን መለካት ያሻል። አዲስ ስያሜ በእርግጥ የሚያስፈልገው ለሦስተኛው ነው፤ ድካማችንም በዚያ ላይ ቢውል ይበጃል እንላለን።