የማዘግየት ፖለቲካና ዋጋው፦ የሎርድ ሳልዝበሪ የሥልጣን ዘመን ሲመረመር

በቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ ላይ ብሪታንያን ሦስት ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመራው ሮበርት ጋስኮይን ሴሲል፣ ሦስተኛው የሳልዝበሪ ማርኩዊስ፣ ብዙውን ጊዜ ለውጥን በጭፍን የተቃወመ ባላባት ተደርጎ ይሳላል። ማርኩዊስ ከዱክ ቀጥሎ የሚገኝ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ማዕረግ ነው። የሕይወት ታሪኩ በቅርበት ሲታይ ግን ሳልዝበሪ ለውጥን ጨርሶ ማስቆም እንደማይቻል የተረዳና ማዘግየትን ራሱን የመንግሥት ጥበብ ያደረገ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ጥበቡም ለመደቡ የጠቀመውን ያህል ሌሎችን ዋጋ አስከፍሏል።

ሳልዝበሪ እ.ኤ.አ. በ1830 በሃትፊልድ የቤተሰቡ ርስት ሲወለድ ታላቅ ወንድም ስለነበረው ማዕረጉን ይወርሳል ተብሎ አልታሰበም። በ1853 ከስታምፎርድ ያለ ተፎካካሪ ወደ ፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት የገባው፣ መቀመጫው በዘመዱ በኤክሴተር ማርኩዊስ ተጽዕኖ ሥር ስለነበረ ነው። በ1857 አባቱ ያልወደዱትን ጋብቻ በመፈጸሙ ግን ኑሮውን ለመደጎም ለመጽሔቶች ስሙን ሳይገልጽ ይጽፍ ጀመር። በእነዚህ መጣጥፎች ደጋግሞ ያነሳው ሥጋት፣ የመምረጥ መብት ለብዙኃኑ ከተሰጠ ንብረት የሌለው በድምፅ ብልጫ ባለንብረቱ ላይ ግብር ይጥላል የሚል ነበር። ወንድሙ በ1865 ሲሞት ወራሽ ሆነ፤ በ1868ም አባቱን ተክቶ የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆነ።

የማዘግየት ስልት ከሁሉ በላይ የሠመረለት በ1884 ነው። የሊበራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር የግላድስተን መንግሥት የመራጮችን ቁጥር የሚያሰፋ ሕግ ሲያቀርብ፣ ሳልዝበሪ በሎርዶች ምክር ቤት አማካይነት ሕጉን ይዞ፣ አስቀድሞ የምርጫ ክልሎች አከላለል እንዲሻሻል ጠየቀ። በድርድሩ አብዛኞቹ ክልሎች እያንዳንዳቸው አንድ እንደራሴ ብቻ እንዲመርጡ ሲወሰን፣ ቀድሞ በትልልቅ ከተሞች ድምፅ ይዋጡ የነበሩ የመካከለኛው መደብ መንደሮች የየራሳቸውን መቀመጫ አገኙ፤ ብዙዎቹም ለሳልዝበሪ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ድምፅ ሰጡ። የሊበራል ፓርቲ በ1886 በአየርላንድ የራስ አስተዳደር ጥያቄ መከፈሉ ተጨምሮበት፣ የብዙኃኑን ድምፅ ይፈራ የነበረው ባላባት በዚያው ድምፅ ታግዞ በድምሩ ከ13 ዓመት በላይ ገዛ።

ይኸው ልማድ በቅኝ ግዛት አስተዳደር ሌላ ገጽ ነበረው። ሳልዝበሪ በ1866 የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን በሕንድ ኦሪሳ ረሃብ ገብቶ ነበር። የበታች ሹማምንቱን ቃል አምኖ ለሁለት ወር ያህል እርምጃ ሳይወስድ ቆየ፤ በዚህ መካከል የዝናቡ ወራት ወደቦቹን ስለዘጋ እህል ማድረስ አልተቻለም፤ የሟቾቹም ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። እሱ ራሱ ኋላ ላይ በዚህ ዝምታው ተጸጽቷል።

ከዓድዋ ድል በኋላም የሳልዝበሪ መንግሥት ዲፕሎማቱን ሬኔል ሮድን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልኮ በግንቦት 1897 ውል ተፈራረመ። በውሉ ምኒልክ የሱዳንን መሐዲስቶች በጠላትነት ለማየትና መሣሪያ በግዛታቸው እንዳያልፍላቸው ለመከልከል ሲስማሙ፣ የሶማሌ አርብቶ አደሮች የሚሰማሩበት የሐውድ መሬት ግን ነዋሪዎቹ ሳይጠየቁ ተከፈለ። መንጎች ድንበሩን ተሻግረው እንዲግጡ ተፈቅዶ የይዞታው ጥያቄ ሳይፈታ በመታለፉ፣ ውዝግቡ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደገና ተነሣ።

ስለዚህ የሳልዝበሪ ጥንቃቄ መመዘን ያለበት ለአገሩ ባስገኘው መረጋጋት ብቻ ሳይሆን ማን መጠበቅ ይችል እንደነበርም በመጠየቅ ነው፤ ርስት ያለው ሰው ዓመታት ሲታገሥ ለኦሪሳ ረሃብተኛ ሁለት ወር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ሳልዝበሪ በ1903 ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ የወጣው የ1911 ሕግ፣ የሎርዶች ምክር ቤት ሕጎችን ጨርሶ የመጣል ሥልጣኑን ገፍፎ ለተወሰነ ጊዜ የማዘግየት መብት ብቻ ተወለት። ሳልዝበሪ በብልሃት ይጠቀምበት የነበረው መሣሪያ በሕግ የመደቡ የመጨረሻ ድርሻ ሆኖ መቅረቱ፣ ማዘግየት ጊዜ ይገዛል እንጂ ሥልጣንን እንደማያጸና ያሳያል።