ከጡጦው በፊት፣ ከጡጦው በኋላ

እናታቸው የሞተችባቸውን ወይም ወተት የነጠፈባቸውን ቡችሎች በጡጦ የሚያሳድግ ሰው ሙያውን ማወቁን ልትመዝኑ ስትፈልጉ፣ ስንት ወተት እንዳጠጣ አትጠይቁት። ጡጦውን ከማንሳቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ እዩ።

ባለሙያው መጀመሪያ የቡችላውን ገላ ይዳስሳል፤ ከተጠራጠረም በቴርሞሜትር ይለካል። አዲስ የተወለደ ቡችላ ሙቀቱን ራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙ ሲወርድ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ የገባለት ወተትም ሳይፈጭ ይቀራል። ስለዚህ የበረደው ቡችላ የቱንም ያህል ቢያለቅስ፣ ቀስ ተብሎ ሳይሞቅ አይጠባም። ደግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲያለቅስ ማየት ስለማይችል ቶሎ ያጠጣዋል።

ቀጥሎ አያያዙን ተመልከቱ። ቡችላው ከእናቱ ሥር እንዳለ ሁሉ በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ጥቂት ቀና አድርጎ መጥባት አለበት። በጀርባው ከተንጋለለ ትን ይለዋል፤ ወተቱ ሳንባው ገብቶ በሳንባ ምች ሊገድለው ይችላል። ጡጦው ሲዘቀዘቅ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። ጡጦውን የሚጨምቅ እጅ ካያችሁ ሰውዬው ቸኩሏል። ወተት በአፍንጫ ብቅ ካለ ደግሞ ወዲያው ማቆም ነው።

የወተቱም ነገር ዕውቀት ይጠይቃል። የውሻ ወተት ስቡም ፕሮቲኑም ከላም ወተት በእጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥሩ አሳዳጊ ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ለብ አድርጎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ይሰጣል። እናቲቱ በሕይወት ካለች ግን በመጀመሪያው ቀን እንገሩን እንዲጠቡ ይጣጣራል፤ በሽታ የሚከላከሉበትን አቅም የሚያገኙት ከእሱ ነውና።

ቡችላው ጠግቦም ሥራው አላለቀም። እስከ 3 ሳምንት ገደማ ያለ እርዳታ መሽናትና መጸዳዳት ስለማይችል፣ እናቱ በምላሷ የምታደርግለትን ሰውየው ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጥጥ ያደርግለታል። የሽንቱን ቀለምም ያያል፤ ከጠቆረ ቡችላው ፈሳሽ አጥሮታል።

የመጨረሻው ዳኛ ሚዛን ነው። ጤነኛ ቡችላ በየቀኑ ከተወለደበት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላውም እጥፍ ይሆናል። የተነፋ ሆድ ያታልላል፣ ክብደት ግን አያታልልም። የየዕለቱን ክብደት የሚጽፍ፣ አንድ ቀን ሳይጨምር ቢያድር ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሮጥ ሰው ካገኛችሁ፣ ቡችሎቻችሁን አምናችሁ ስጡት።