ሽቦ የማያስፈልገው ቧንቧ

ጠረጴዛው ላይ ያለው የናስ መቆንጠጫ ከአሮጌው የብረት ቧንቧ የተፈታ ነው። ሁለት ብሎን አለው። በውስጡ የቧንቧው ክብ አሻራ ቀርቷል፤ ሽቦው የገባበት ቀዳዳ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የቤቱ ግራውንድ ይኼ ነበር። አንድ ዕቃ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ፍሳሹ በሽቦው መጥቶ፣ በብረቱ አልፎ፣ አፈር ይገባ ነበር።

ቧንቧው ተቀየረ። ፒፒአር የሚባል 20 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ገባ። ቧንቧ ሠራተኛው የቧንቧውን ጫፍና መገጣጠሚያውን በ260 ዲግሪ ለ5 ሰከንድ ያህል አሙቆ አንዱን በሌላው ውስጥ ሰካ፤ ሳያዞር ያዘው። ሲበርድ ሁለቱ አንድ ፕላስቲክ ሆኑ። ውሃ አያፈስም፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ታዲያ ያ ሽቦ ወዴት ይሂድ?

ችኩል ሰው መቆንጠጫውን ፕላስቲኩ ላይ መልሶ ያጠብቀዋል። ዓይን ይሞላል፤ ሥራ ግን የለውም። ውስጡ ያለው ውሃስ? የፒፒአሩ የውስጥ ስፋት 13.2 ሚሊሜትር ነው። የውሃው ልዩ ተቃውሞ 20 ኦም ሜትር ቢሆን፣ በቧንቧው ውስጥ አንድ ሜትር የሚረዝም ውሃ ተቃውሞው 146,000 ኦም ገደማ ይሆናል። 220 ቮልት ቢያርፍበት የሚያልፈው 1.5 ሚሊአምፔር ነው። ይህ ለግራውንድነት ከንቱ ነው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሽቦውን ወደ ግቢ አውጥቶ አፈር ውስጥ ከሚመታ የግራውንድ ዘንግ ጋር አሰረው። ዘንጉ 2.4 ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ ብረት የሆነው መዶሻ እንዲችል፣ መዳብ የለበሰው አፈር እንዳይበላው ነው። እርጥበት በሚይዘው ጥቁር ዋልካ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወረደ። አናቱ ክዳን ባላት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ፤ ማሰሪያው ነገ ሊፈተሽ ይችላል። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ የተላጠው መቆንጠጫው በሚይዘው ልክ ብቻ ነው። ከዚያ የተረፈ መዳብ አይታይም።

ሥራው እዚህ አላበቃም። የዘንጉ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት የሚያሳልፈው 22 አምፔር ነው። ይህ 20 አምፔር ብሬከርን ቶሎ አይጥለውም። ስለዚህ 30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ሲያይ የሚያጠፋ ብሬከር ተጨመረ። ዘንጉ ለፍሳሹ መንገድ ሰጠው፤ ብሬከሩ ያንኑ ፍሳሽ አይቶ ይቆርጣል።

ቦይለሩ የብረት አካል ስላለው የራሱ ግራውንድ ሽቦ አለው፤ ከፋዙና ከኒውትራሉ ጋር በአንድ ኬብል ይመጣል። በፒፒአሩ ጫፍ ያሉት አጫጭር የናስ ጥርሶችና የሻወሩ እጀታ ግን ፕላስቲኩ ከአፈር ስለለያቸው ምንም አልታሰረላቸውም። ከአፈር የሚገባ የብረት ቧንቧ የቀረ ቢሆን ኖሮ ያ ይታሰር ነበር። ባለሙያው ዞሮ ፈለገ፤ አላገኘም።

ጥሩ እጅ የሚለየው ባሰረው ብቻ ሳይሆን ሳያስር በተወውም ነው። እርስዎም ቤትዎ ውስጥ የብረት ቧንቧ ተነቅሎ ፕላስቲክ ከገባ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የድሮው ግራውንድ ሽቦ አሁን ጫፉ የት ነው?