የሸፈተው መነኵሴ በቼን ሆንግሾው ብሩሽ

ሽፍታን የሚሥል ሠዓሊ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ አንደኛው እያሞገሰ ያፈሰሰውን ደም መርሳት፥ ሁለተኛው እየረገመ ሰው መሆኑን መርሳት ነው። በቻይና አገር በሚንግ ነገሥታት ዘመን ፍጻሜ የነበረው ቼን ሆንግሾው፥ ሉ ጂሸን የተባለውን ሽፍታ መነኵሴ በሣለ ጊዜ ከሁለተኛው ፈተና ፈጽሞ አምልጧል፤ ከፊተኛው ግን ማምለጡ ያጠራጥራል።

የሉ ጂሸን ታሪክ የሚገኘው ሽዊሁ ጅዋን በሚባለው በታወቀው የቻይና ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው፤ ትርጓሜውም «የውሃ ዳር» ማለት ነው። መጽሐፉ በሶንግ ነገሥታት ዘመን በሊያንግሻን ረግረግ ስለ ተሰበሰቡ 108 ሽፍቶች ይተርካል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሹማምንት ግፍ ተመርረው የሸፈቱ ናቸው። ሉ ጂሸን አስቀድሞ የጦር ሹም ነበረ። አንድ ባለጸጋ ሥጋ ሻጭ ለአንዲት ድኻ ዘፋኝና ለአባቷ ያልሰጣቸውን ገንዘብ እንደ ሰጠ አድርጎ «ክፈሉኝ» እያለ ሲያስጨንቃቸው ሰማ፤ ሊቀጣውም ሄዶ ሳያስበው በሦስት ቡጢ ገደለው። ከዚህ በኋላ ሸሽቶ በውታይ ተራራ ገዳም ራሱን ተላጭቶ መነኰሰ። ወደ ገዳም የገባው ጽድቅን ሽቶ ሳይሆን ከፍርድ ለመሸሸግ ነውና፥ ሰክሮ በበሩ የቆሙትን ምስሎች ሰበረ፥ መነኰሳቱንም ደበደበ። አበ ምኔቱ ግን ፍጻሜው የበጐ እንደሚሆን አስቀድሞ ስላወቀ፥ ወደ ሌላ ገዳም ሰደደው እንጂ አልጣለውም።

ሠዓሊው ቼን ሆንግሾው በጄጂያንግ አውራጃ ተወልዶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1652 ዓመት የሞተ ነው። ወዳጁ ጃንግ ዳይ የተባለው ጸሐፊ እንደ ተረከው፥ የሽፍቶቹን ሥዕል በ4 ወር የፈጸመው 8 ነፍስ የሚያስተዳድር አንድ የተቸገረ ወዳጁን ለመርዳት ብሎ ነው። ሥዕሎቹ 40 ሲሆኑ በመጠጥ ግብዣ ላይ ለሚጫወቱበት ካርታ የታሰቡ ናቸው፤ ከሽፍታው መልክ ጋራ የገንዘብ ልክና ማን ሊጠጣ እንደሚገባው የሚያዝ ቃል ተጽፎባቸዋል። በብሩሽና በጥቁር ቀለም የነደፈው በእንጨት ተቀርጾ ስለ ታተመ እስከ ዛሬ ደርሷል።

በካርታው ላይ ተራራም ቤትም ዛፍም የለም፤ ሰውየው በባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን ቆሟል። ጥቁር እንጂ ሌላ ቀለም፥ የጥላና የብርሃንም ልዩነት ስለሌለበት፥ ሥራው ሁሉ በመሥመር ላይ የወደቀ ነው። የቼን መሥመር ሲነሣ እንደ ሚስማር ራስ ይወፍራል፤ ሲፈጸም ይቀጥናል፤ በልብሱ እጥፋት ላይም ድንገት በማዕዘን ይሰበራል። ይህም ብልሃት ለሉ ጂሸን እጅግ ተስማምቶታል። የመነኵሴ ልብስ የዕረፍት ምልክት ነው፤ በዚህ ሥዕል ግን መሥመሩ ራሱ ዕረፍት የለውም። ልብሱና ገላው ገና አልታረቁም፤ ሠዓሊውም ሊያስታርቃቸው አልቸኰለም። አለመቸኰሉ የሥራው ታላቅ ዋጋ ነው።

ጕድለቱ ግን ከዚያው ከባዶው ወረቀት ይመጣል። ዘፋኟ፥ አባቷ፥ የሞተውም ሥጋ ሻጭ በካርታው ላይ አይታዩም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቍጣው ከምን እንደ ተነሣ፥ ምንም እንዳስከተለ ያውቃል፤ ያላነበበ ግን ጕልበቱን ብቻ አይቶ ያደንቃል፥ ጽዋውንም ያነሣል። ደም በጨዋታ መካከል ተረስቷል።

ደግሞ የመጽሐፉ ፍጻሜ ከቍጣ የራቀ ነው። ሉ ጂሸን በሃንግጆው ከተማ በአንድ ገዳም ሲያድር፥ ከባሕር ወደ ቺየንታንግ ወንዝ የሚገባውን ማዕበል ድምፅ ሰማ፤ የጦር ከበሮ መስሎትም ዘንጉን ይዞ ተነሣ። መነኰሳቱ ማዕበል መሆኑን በነገሩት ጊዜ የአበ ምኔቱን የቀድሞ ትንቢት አስታወሰ፤ ታጥቦ ልብሱን ለውጦ ተቀመጠ፥ በጸጥታም ሞተ። ስንክሳርን የሚያነብ ሰው ይህን ሲሰማ ሽፍትነቱን ትቶ የመነኰሰውን ሙሴ ጸሊምን ማሰቡ አይቀርም። ሁለቱን ማስተካከል ግን አይገባም፤ ሙሴ ጸሊም ኀጢአቱን እያለቀሰ ተናዘዘ፥ የሉ ጂሸን ታሪክ ግን የልቡን ድንገት መንቃት እንጂ ስለ ደሙ ማልቀሱን አያሳይም።

የሠዓሊውም ኑሮ ወደዚሁ ነገር ደረሰ። በ1644 የሚንግ መንግሥት ወደቀ፤ በ1646 የማንቹ ጦር አገሩን በያዘ ጊዜ፥ መጠጥ ወዳድ የነበረው ቼን ሆንግሾው እንደ ሉ ጂሸን መሸሸጊያ ሽቶ ራሱን ተላጭቶ ለጥቂት ጊዜ መነኰሰ፤ «ዘግይቶ የተጸጸተ» የሚል ስምም ለራሱ አወጣ። ካርታውን የሣለው ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ስለ ሆነ፥ በሥዕሉ ላይ ጸጸትን የሚፈልግ አያገኝም። በእውነት የተሣለው የታሪኩ እኵሌታ ነው፤ የቀረውን እኵሌታ የሚሻ ካርታውን ትቶ ወደ መጽሐፉ ይሂድ።